የፒያኖው ወንበር ፍርድ

የልጅ ልጄ በቀደም አንድ አሮጌ ፒያኖ ገዝታ አምስት ኪሎ ካለው ቤቷ አስገባችና ካልመጡ ሞቼ እገኛለሁ ብላ አስጠራችኝ። ጠጋኙ ሰውዬ የላይኛውን ክዳን ሲያነሳው፣ ብል የበላው ሱፍ፣ የደረቀ ሙጫ፣ ያረጀ የሻማ ሰምና የአይጥ ሽንት አንድ ላይ የተቀላቀለበት ሽታ ከውስጡ ወጥቶ እንደ ጥፊ ፊቴን መታኝ። ስንት ዘመን አፍንጫዬ አጠገብ ያልደረሰ ሽታ ነው፤ ግን ከሺህ ሽታ መሀል እለየዋለሁ። ልጅቷ የሆንኩትን አላየችም። ከመንገድ የስልክ እንጨት ላይ የገነጠለችውን ማስታወቂያ እያነበበችልኝ ነበር፤ ፒያኖ በግል እናስተምራለን፣ ለልጆችም ለአዋቂዎችም፣ ቤት ድረስ እንመጣለን ይላል። "እማማ፣ ለአዋቂም ይላል፣ እርስዎም ይማሩ እንጂ" ብላ ሳቀች። እኔ ተምሬያለሁ አልኳት፤ ሁለት ዓመት፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከፈረንጅ። ቀልድ መስሏት የባሰ ሳቀች፣ ጠጋኙም አብሯት ሳቀ፣ እኔም ሻይዋን ሳልጠጣ ተነስቼ ቤቴ ገባሁ።

የሚሳቅብኝ ሰው አይደለሁም፤ እጽፈዋለሁ። ትምህርቴ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት እስከ መድገም ነው፣ የቀረውን ከጋዜጣና ከሱቅ መጠቅለያ ለቃቅሜ ያገኘሁት ነው። የሚያምር ነገር የሚጠብቅ ሌላ ቦታ ይፈልግ።

በኔ ልጅነት ፒያሳ የሚባል ስም አልነበረም። ስሙን ጣሊያን ነው ይዞት የመጣው፣ ሰውም እንደ ቁም ነገር ተቀበለው፤ የኛ ሰፈር አራዳ ነው። ቤታችን ከጊዮርጊስ በታች፣ መንገዱ ወደ ዶሮ ማነቂያ ማዘቅዘቅ ሲጀምር፣ ክረምት ላይ ጭቃው ጫማ ነጥቆ በሚያስቀርበት ቦታ ነበር። ከላይ የገበያው ጫጫታ፣ የእርጥብ ቆዳ ሽታና የበቅሎ ፋንድያ ይወርድብናል፣ ከታች ደግሞ ጎረቤት ከጎረቤት ሲጣላ ይሰማናል፣ እኛ መሀል ላይ ሆነን ሁለቱንም እንጠጣለን። አባቴ ጉምሩክ ጸሐፊ ነበር፤ ከባቡር የወረደ የሰው ዕቃ ሲመዘግብ ይውልና እቤት መጥቶ ስለ ሰው ዕቃ ያወራል። እናቴ እኔን እንደ ወለደች በአራስነቷ ሞተች፣ እሱም ዓመት ሳይሞላ እትዬ በላይነሽን አግብቶ ጽጌን ወለደ። እትዬ በላይነሽ አላስራበችኝም፣ ያለ ጥፋቴም አልመታችኝም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ያደረገችው ሁሉን ነገር መጀመሪያ ለጽጌ፣ የተረፈውን ለኔ መስጠት ነው። ቀሚስ ሲሰፋ ከጽጌ የተረፈው ቁራጭ የኔ እጅጌ ይሆናል፣ ዳቦ ሲቆረስ ፊቱ ለጽጌ፣ ቂጡ ለኔ ይደርሳል። ሌላ ሰው አላየውም ነበር። እኔ ግን አንዱንም አልረሳሁም፣ እስከ ዛሬም ዳቦ ስቆርስ እጄ ይቆጣል።

አሥር ዓመት ሲሆነኝ ነው ፒያኖው የመጣው። ባለቤቱ ሳይታይ ጉምሩክ ግቢ ውስጥ ዓመት የተቀመጠ ትልቅ ሣጥን ነበር አሉ፤ ሲከፈት ፒያኖ ሆኖ ተገኘ፣ ከጸሐፊዎቹ የሚፈልገው ሲጠፋ አባቴ እኔ እወስደዋለሁ አለ። ስምንት ሸክመኛ በወፍራም እንጨት አንጠልጥሎ፣ እየዘፈነና እየተሳደበ፣ ግማሹን የአራዳ ሕዝብ አስከትሎ ይዞት ወረደ። ከበራችን ላይ ሲደርስ በሩ ጠበበ። ወደ ጎን አዞሩት፣ አቆሙት፣ አስተኙት፣ አንዱ ሸክመኛ እግሬን ተቆረጥኩ ብሎ ጮኸ፣ በመጨረሻ አባቴ ግድግዳው ይፍረስ አለ። የፈረሰው የጓዳው ግድግዳ ነው። ጓዳው ደግሞ እኔ የምተኛበት፣ የእናቴ የልብስ ሣጥን የተቀመጠበት ክፍል ነው። ግድግዳው ተመልሶ ተመረገ፣ ፒያኖው መደቤ በነበረበት ቦታ ቆመ፣ የእናቴ ሣጥን ማድቤት ሄዶ ጥላሸት ጠጣ፣ እኔም ከሠራተኛዋ ጋር ከምድጃው አጠገብ መተኛት ጀመርኩ። ይቅር በይን ያለኝ የለም። ያን ዕለት አባቴን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት፤ እኔም እማርበታለሁ ወይ አልኩት። "ምን ጥያቄ አለው፣ ሁለታችሁም ናችሁ እንጂ" አለኝ። ይህን ቃል እንደ ርስት ያዝኩት። መኝታዬን ወስደውብኛል፣ በምትኩ እዚያ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር አልጠየቅሁም፣ ከዚያ በታችም አልቀበልም።

ፒያኖው ተገኘ፣ የሚያስተምር ሰው ግን ከየት ይምጣ? በዚያ ላይ የአባቴ የነፍስ አባት መጥተው ዞር ዞር ብለው አዩትና "ልጆችህን አዝማሪ ልታደርጋቸው ነው?" ብለው አንገቱን አስደፉት። አዝማሪ መባል ያኔ ትንሽ ነገር አልነበረም፤ ሰው ሲጫወቱለት ያጨበጭባል፣ ልጁን ግን አይድርላቸውም። አባቴ ሲብሰለሰል ሰንብቶ መላ አገኘ። በገና የሚነቀፍ ነገር አይደለም፣ ዳዊት የደረደረው ነው፤ ፒያኖም በውስጡ ጅማት አለው፤ ስለዚህ የበገና መምህር ያስተምራቸው አለና ከእንጦጦ በኩል አንድ ሽማግሌ አለቃ አስመጣ።

አለቃ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ክዳኑን አስነስተው፣ በርጩማ ላይ ቆመው፣ ውስጡ የተወጠሩትን ሽቦዎች በጣታቸው እየነኩ መቁጠር ጀመሩ፣ ሠላሳ ላይ ሲደርሱ ደከማቸው። "ዳዊትን አሥር በቃው፤ ይሄን ሁሉ የቀጠለው ሰው ምን ጎድሎበት ነው?" አሉ። ከዚያ እጃቸውን በላይ በኩል አስገብተው ሽቦውን እንደ በገና መደርደር ያዙ፣ እኛም በየተራ በርጩማው ላይ እየወጣን ክንዳችንን እስከ ብብታችን እያስገባን ያሳዩንን እንነካለን። ሁለት ሳምንት እንዲህ ተማርን። ከፊት የተደረደሩትን ነጭና ጥቁር ጥርሶች ማንም አልነካቸውም፤ አለቃ እንደ ነገሩን የፈረንጅ ጌጥ ናቸው። አንድ ቀን ጽጌ ከበርጩማው ስትወርድ ተንሸራታ በክርኗ ጥርሶቹ ላይ ወደቀች፣ ቤቱ በጩኸት ተሞላ፣ አለቃም አማትበው በትራቸውን ይዘው ሄዱ። ስለ እውነት ከሆነ ከአስተማሪዎቼ ሁሉ የማልጠላቸው እሳቸውን ብቻ ነው፤ ለጽጌም ለኔም እኩል ነበሩ።

ማዳም የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ስሟ ረጅም ነበር፣ ማንም ሊይዘው አልቻለም። አንዱ ግሪክ ናት ይላል፣ አንዱ አርመን፤ እኔ ጠይቄያት አላውቅም። ከአንገቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጥቁር የምትለብስ፣ ደረቷ ላይ ትንሽ ሰዓት በሰንሰለት የምታንጠለጥል፣ ስትራመድ መንገዱን የምትቀጣው የምትመስል ሴት ነበረች። አባቴ በጸሐፊ ደንብ ሁለት ሽማግሌ አስቀምጦ ተዋዋላት፤ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከቀትር በኋላ፣ ለአንድ ሰዓት፣ ሁለቱን ልጆቼን። ሁለቱን ልጆቼን ያለውን በር ሥር ቆሜ በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። የነፍስ አባቱም አንድ ነገር አስገቡበት፤ ማዳም ከሌለች ፒያኖው አይነካም፣ ቤቱ የጭፈራ ቤት እንዳይመስል። ስለዚህ ክዳኑ ይቆለፍና ቁልፉ ከእትዬ በላይነሽ መቀነት ላይ ይውላል፣ ማዳም ስትመጣ ይፈታል፣ ስትሄድ ይታሰራል።

የመጀመሪያው ቀን ማዳም አንዱን ጥርስ በጣቷ መታችና በድምፃችን እንድንደግመው አዘዘች። ጽጌ ደገመችው። እኔ ስደግመው ማዳም ዓይኗን ጨፈነች። በቃ፣ ያ ነው ፈተናው። ጽጌ ወንበሩ ላይ ወጣች፣ እኔ ከጎኗ ቆሜ ወረቀት እንድገልጥ ተደረግሁ። ማዳም በአገጯ ትጠቅሰኛለች፣ እኔ እገልጣለሁ። ይህን ሰባት ሳምንት አደረግሁ። የእናቴ ሣጥን በነበረበት ቦታ፣ የኔ መደብ በነበረበት ቦታ፣ እንደ ሻማ መቅረዝ ቆሜ የጽጌን ማጅራት ሳይ ዋልኩ። ለአባቴ ነገርኩት፤ "ማዳም የምታደርገውን ታውቃለች" አለኝ። ለእትዬ በላይነሽ ነገርኳት፤ "አንቺን ደግሞ ምን ነካሽ፣ ቆመሽ መስማቱ ምን አነሰሽ" አለችኝ። ማዳምንም ራሷን ጠየቅኋት፤ "ነገ" አለችኝ። ከአማርኛ ሁሉ አጥርታ የምታውቀው ነገ የሚለውን ቃል ነበር።

በዚያን ዘመን አንድ ደንብ ነበረ፣ የዛሬ ልጆች ብነግራቸው ተረት ይመስላቸዋል። የተበደለ ሰው የበደለውን መንገድ ላይ አግኝቶ በሕግ አምላክ ካለው፣ ያ ሰው ጌታም ይሁን ሎሌ ባለበት ይቆማል። ሁለቱ ልብሳቸውን ጫፍ ለጫፍ ቋጥረው፣ ተቆራኝተው፣ ከአላፊ አግዳሚው ደህና ሰው መርጠው ዳኝነት ይጠይቁታል፣ እሱም እምቢ አይልም፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይሰማል፣ ይፈርዳል። ከገበያው ዳር ይህን ስመለከት ነው ያደግሁት። ሌላው ልጅ ሠርግ ሠርግ ሲጫወት እኔ ሙግት ሙግት እጫወት ነበር።

ሐሙስ ነበር። ማዳም ከጊዮርጊስ በኩል ስትወርድ ጠብቄ ፊቷ ተገተርኩ። "በሕግ አምላክ፣ ማዳም፣ ከዚህ እንዳያልፉ" አልኳት። ብዙ ዘመን አራዳ የኖረች ስለሆነች ቃሉን ታውቀዋለች፤ እግሯ ከአፏ ቀድሞ ቆመ። የነጠላዬን ጫፍ ከወገቧ ቀበቶ ጋር ሁለት ጊዜ ቋጠርኩት።

"አንተ ልጅ፣ ምን አደረገ? ልቀቅ" አለች።

"በደል" አልኳት።

ሰው ለመሰብሰብ ምን ጊዜ ይፈጃል? ጎመን የምትሸጠዋ ሴትዮ ቅርጫቷን ሳታወርድ መጣች። "ምን ሰርቀውሽ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። "ወንበር" አልኳት። "ውይ ማዳም፣ በዚህ ዕድሜዎ" አለችና ከጎኗ ያሉትን ሁሉ አሳቀች። ያን ጊዜ ሼህ እንድሪስ ዣንጥላቸውን ዘርግተው ሲያልፉ አየኋቸው። ከወሎ የመጡ የአቡጀዴ ነጋዴ ናቸው፣ ሱቃቸው ከኛ በላይ ነው፣ ጨርቅ ሲለኩ ክንዳቸውን አያሳጥሩም ተብሎ ይወራላቸዋል። ለኔ ይህ በቂ ነበር።

"ሼህ፣ ዳኝነት" አልኳቸው።

ወደ ቋጠሮው አዩ። "የማን ልጅ ነሽ?"

"የጉምሩኩ ጸሐፊ።"

"ታዲያ አባትሽ ይፍረድልሽ።"

"እሱ የሷ ወገን ነው።"

ሰዉ ሳቀ፣ እሳቸው ግን አልሳቁም። ዣንጥላቸውን አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አንድ ሥራ ፈት ከኋላ ሆኖ "ሼህ፣ የዘፈን ነገር ነው አሉ፣ ዘፈን ለእርስዎ አይሆንም" ሲላቸው "እኔ የተጠራሁት ለፍርድ ነው፤ አንተን ደግሞ የጠራህ የለም" አሉት። ከዚያ ተናገሪ አሉኝ።

ተናገርኩ። መደቤን፣ የእናቴን ሣጥን፣ ሁለቱን ሽማግሌዎች፣ ሁለቱን ልጆቼን የሚለውን ቃል፣ ሰባቱን ሳምንት፣ አንድም ሳላስቀር። ትልልቆቹ ተሟጋቾች ንግግራቸውን በውርርድ ሲዘጉ ስለማውቅ "ሰው በፈረስና በማር ይወራረዳል፤ እኔ ያለችኝ አንዲት ቄብ ዶሮ ናት፣ ውሸት ከተናገርኩ እሷን እሰጣለሁ" አልኩ። ማዳም ግራ ገባት። "ዶሮ የት አለ? እኔ ዶሮ አልነካም" አለች፣ ያን ጊዜ ሼሁም ሳይቀሩ ጢማቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

ማዳም ግን የዋዛ አልነበረችም። ተራዋ ሲደርስ ቀጥ ብላ ቆማ "ይህ ልጅ ጆሮ የለም። ያቺ ልጅ ጆሮ አለ፣ እጅ አለ። እንዲህ ልጅ በሃያ ዓመት አንድ ይመጣል። እኔ ሰዓቴን ለማን ልስጥ፣ ለድንጋይ?" አለች። ድንጋይ ያለችኝ ፊቴ ላይ ነው።

"ውሉ ጆሮ ይላል?" አሉ ሼሁ።

"አይልም።"

"አንድ ልጅ ነው የሚለው፣ ሁለት?"

ማዳም "ሁለት" አለች። ለዚህ አከብራታለሁ፣ መዋሸት ትችል ነበር።

"አንድ ቀንም አላስቀመጠቻትም ለሚለው ምስክር አለሽ?" አሉኝ። የለኝም ልል ስል ሁሉም ዞረው ወደ ኋላ ተመለከቱ። ጽጌ ማዳም ብትዘገይባት ፍለጋ ወጥታ፣ ከጎመን ሻጭዋ ኋላ ቀሚሷን ጨብጣ ቆማ ነበር። እኔ በሷ ቦታ ብሆን እዋሻለሁ፤ እሷም ትዋሻለች፣ ወንበሩ የሷ ነዋ። ሼሁ ጠርተው አቀረቧትና "በጊዮርጊስሽ ማይና ያየሽውን ተናገሪ፣ ያላየሽውን ተዪው" አሏት። ፊቷን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙራ ማለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ድምጿ አይሰማም፣ ሰዉ ጎንበስ ብሎ ነው ያዳመጣት።

"አንድ ቀንም አልተቀመጠችም፤ ቆማ ነው የምትውለው። ማክሰኞ ማክሰኞ እግሯን ያማታል" አለች።

እግሬን እንደሚያመኝ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ሼህ እንድሪስ ፈረዱ። "የልጅቱን ጆሮ አላህ ያውቃል፤ ውሉ ግን ሁለት ልጅ ይላል። ሰዓት ደረትዎ ላይ አለ፣ ማዳም። ሰዓቱ ሲጋመስ ያቺ ትነሳ፣ ይቺ ትቀመጥ" አሉ፣ ቋጠሮውንም በገዛ እጃቸው ፈቱት። ለኔም "ዶሮሽን ይዘሽ ግቢ" አሉኝ። ጎመን ሻጭዋ እልል አለች። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ባል አግብቻለሁ፣ ልጅ ድሬያለሁ፣ መሬት ተከራክሬ አስመልሻለሁ፣ እንደዚያን ዕለት ግን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አባቴ ማታ ሲሰማ በአለንጋ ገረፈኝ፤ ልጄ ከፈረንጅ ጋር አደባባይ ላይ ታሰረች ተብሎ ከጉምሩክ እስከ ቤቱ ሲሳቅበት መጥቶ ነበር። ገርፎ ሲጨርስ አለንጋውን ሰቀለና "ፍርዱ ግን ፍርድ ነው፣ ማክሰኞ ትቀመጫለሽ" አለኝ። ጸሐፊ ነዋ።

ተቀመጥኩ። ማዳምም ፍርዱን ሳታጓድል ፈጸመች፤ ሰዓቷን እያየች ልክ ሲጋመስ ጽጌን ታስነሳታለች፣ የምትጫወተው መሀል ላይ ቢሆንም እንኳ፣ እኔን ታስቀምጠኛለች። እጄ ጎበጥ እንዲል ከመዳፌ ሥር ሎሚ ታደርግልኛለች፣ እኔ እጨፈልቀዋለሁ፣ ጥርሶቹ በሎሚ ውኃ ይጨማለቃሉ፣ እሷ በመሀረብ ትጠርጋለች፣ እንደገና ሎሚ ታደርጋለች። ያንኑ የአምስት ጣት ልምምድ፣ ያችኑ አምስት ጥርስ፣ ወደ ላይና ወደ ታች። አንድ ቀንም አልጣመኝም። ጆሮ የለም ያለችው እውነት ነበር፤ ትክክሉንና ስህተቱን የምለየው ከፊቷ ብቻ ነው። ግን አንድ ማክሰኞ አልቀረሁም፣ አንድ ሐሙስ አልቀረሁም። ትኩሳት ይዞኝ ተቀምጫለሁ፣ በጾም ተቀምጫለሁ። የኔ ነዋ። ጽጌ ከወንበሩ ስትነሳ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች፣ ወረቀት መግለጥ እንኳ አያስፈልገኝም፣ ያለ ወረቀት ነው የምቀጠቅጠው።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ማዳም አባቴን አነጋገረችው። ግብፅ ውስጥ፣ እስክንድርያ፣ እህቷ የምታስተምርበት የሴቶች ትምህርት ቤት አለ፤ የዚያ ቤት አንዲት ትልቅ ሴት ከፋሲካ በኋላ በአዲስ አበባ ታልፋለች፣ ጽጌን ሰምታ ከወደደቻት ይዛት ትሄዳለች፣ ትምህርቷንም መኖሪያዋንም እነሱ ይችላሉ። አባቴ ሲኮራ ማየት ነበር። ማዳም ባለ ሦስት ክፍል የሆነ ረጅም ነገር ለጽጌ አመጣችላት፣ ይህን ሙሉውን መጫወት አለብሽ አለቻት። የቀረው ዘጠኝ ሳምንት ያህል ነው፣ የመቀነቱ ቁልፍ እንደሆነ ያለ ማዳም አይፈታም።

በዐቢይ ጾም መጀመሪያ ላይ ጽጌ ማድቤት መጣች። እኔ ምስር እለቅም ነበር፣ አጠገቤ ቁጢጥ ብላ አብራኝ ትለቅም ጀመር።

"እህቴ፣ እስከ ፋሲካ ብቻ ግማሽሽን ትሰጪኛለሽ?" አለችኝ።

"ተፈርዶልኛል" አልኳት።

"አውቃለሁ፣ እኔ አይደለሁ የመሰከርኩት" አለች። ቁጣ አልነበረባትም፣ እንደማስታወስ ያህል ነው። ጥቂት ለቅማ እጇን አራግፋ ሄደች፣ ደግማም አልጠየቀችኝም። እኔም ማክሰኞ ሰዓቱ ሲጋመስ ሄጄ ተቀመጥኩ።

ሴትዮዋ መጣች። ሳሎን ስለሌለን ያቺው ጓዳ ተጠርጋ ወንበር ተደረደረባት፣ አባቴ ካባውን ለበሰ። ጽጌ የመጀመሪያውን ክፍል ስትጫወት፣ እኔ ድንጋይዋ እንኳ፣ ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ሲቆም አየሁት። ሁለተኛውን ዝግ አድርጋ፣ ሰው እንደሚያጫውት አድርጋ ተጫወተችው። ሦስተኛው ላይ ትንሽ ሄደችና ቆመች። እንደገና ጀመረች፣ እዚያው ቦታ ላይ ቆመች። እጇን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና "እስከዚህ ነው የደረስኩት" አለች። እንግዳዋ ደግ ሴት ነበረች፤ ማዳም ተርጉማ እንደ ነገረችን ልጅቷ ጥሩ ናት፣ ግን ገና ናት፣ በሚመጣው ዓመት ስመለስ እሰማታለሁ አለች። ማዳም ደረቷ ላይ ያለውን ሰዓት አንስታ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ሰዓቱን ልብሷ ውስጥ ከተተችው።

በዓመቱ የጦርነት ወሬ መጣ፣ እንግዳዋ አልመጣችም። ማዳም በባቡር ሄደች፣ ወዴት እንደሆነ አላውቅም። ከተማው በተዘረፈባቸው ቀኖች ፒያኖውን የወሰዱት ሰዎች ግድግዳ ለማፍረስም አልደከሙም፤ እዚያው በመጥረቢያ ፈልጠው በሸክም በሸክም አወጡት። ጣሊያን ገባ፣ አራዳ ስሙ ተቀየረ፣ የሼህ እንድሪስም ሱቅ ቡና ቤት ሆነ። ዛሬ በዚያ መንገድ ላይ ቆሜ በሕግ አምላክ ብል የሚቆምልኝ መኪና ብቻ ነው፣ እሱም ገጭቶኝ።

ጽጌ ለአንድ የመንገድ ሥራ ፎርማን ተዳረች፣ ስድስት ልጅ ወለደች፣ ዶሮ ማነቂያ ውስጥ በአንድ ክፍል ቤት አሳደገቻቸው። ፒያኖ ነክታ አታውቅም፣ ስለ ፒያኖም ስታወራ ሰምቼ አላውቅም፤ ልጆቿ እናታቸው እንዲህ ያለ ነገር እንደነበራት ሳያውቁ ነው የቀበሯት። እኔም ለልጆቼ አልነገርኩም። አንድ ጊዜ፣ ሁለታችንም ካረጀን በኋላ፣ ልብስ እያጣጠፍን ሳለን፣ ያን ቀን ለምን መሰከርሽልኝ ብዬ ጠየቅኋት። "ጠየቁኝ፣ ያየሁትን ተናገርኩ" አለችኝ። አንሶላውን ከወዲያ ጫፍ እየወጠረች፣ "ደግሞ ፍርዱ ልክ ነበር" አለች። ብትሰድበኝ በወደድኩ። ለስድብ መልስ አላጣም።

ፍርዱ ልክ ነበር። አሁንም እላለሁ፣ ነገም በሕግ አምላክ ብዬ የቆምኩበት እቆማለሁ፤ ውል ሁለት ልጅ ካለ ሁለት ነው፣ የሰው መኝታ ወስዶ ቁሚ ማለት ግፍ ነው። አባቴ ግፍ ሠርቷል፣ እትዬ በላይነሽ ሠርታለች፣ ማዳም ሠርታለች፣ አንዳቸውንም ይቅር አላልኩም። ግን እነሱን አንድ በአንድ ጠርቼ ስጨርስ የሚቀር ሰው አለ። ሼህ እንድሪስ የፈረዱልኝ ወንበሩን ነው፤ ለእህቴ ብዬ መነሳቱን ለኔ ትተውልኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ እሷ በሩ ላይ ቆማ እያየችኝ፣ አንድ ቀን እንኳ አልተነሳሁም።